ወላድ ያሏት ሴት

ማቪስ ታስከር ስሟ ጋዜጣ ላይ መውጣቱን የሰማችው በእንግሊዝ የወደብ ከተማ በግሪምዝቢ፣ ዓሣ ቤት ቆማ፣ እጆቿ በበረዶ ውኃ ደንዝዘው፣ የዓሣ ሥጋ ከአጥንቱ እየለየች ሳለ ነው። ወሬውን ያመጣችው ኦድሪ ነበረች። ኦድሪ ከማቪስ ጎን ዓሣ ስትበልት የኖረች፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሰላ፣ ሆዷ ግን ቂም የማያውቅ ሴት ናት።

«እናንተ፣ ኑ! ኑ! የግሪምዝቢን ደራሲ እዩልኝ!» ብላ ጋዜጣውን ከሽርጧ ሥር መዘዘች። «ከነፎቶዋ! አንቺ፣ ይሄን ባርኔጣ ከየት አመጣሽው?»

«ከቤቴ።»

«በይ ዛሬውኑ መልሺውና ቆልፊበት።»

ሴቶቹ ቢላዋቸውን እያስቀመጡ ከበቧት። ኦድሪ ጉሮሮዋን ጠረግ ጠረግ አድርጋ እንደ ቄስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፦ «‹ከወደባችን ሠራተኞች መካከል የወጣችው ፕሮሊፊክ ደራሲ፣ ወይዘሮ ማቪስ ታስከር፣ አሁንም አዲስ የፍቅር ልብወለድ ለአንባቢ አቅርባለች።› ቆይ፣ ቆይ። ፕሮሊ ምን?»

«ፕሮሊፊክ» አለች አንዷ ከኋላ።

«ምንድነው እሱ? በሽታ ነው? ይጋባል?»

«በጊዜ ከደረሱበት ይድናል ይላሉ።»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ማቪስም አብራ ሳቀች። ቃሉን መጽሐፍ ላይ አልፎ አልፎ አግኝታዋለች፤ ግን ዙሪያውን አይታ ገምታ ታልፈዋለች እንጂ ማንንም ጠይቃ አታውቅም። ታታሪ ማለት መስሏት ነበር። ታታሪ መባል ደግሞ ደስ ይላል፤ ውሸትም አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዓሣ ቤት ውስጥ ስሟ ተለወጠ። «ፕሮሊፊክ፣ ጨው አቀብይኝ!» «ፕሮሊፊክ፣ እግርሽን አንሺልኝ፣ ልጠርግ ነው!» እሷም «አቤት» እያለች ሰነበተች።

መጻፍ የጀመረችው ልጅ ካጣች በኋላ ነው። ባሏ ሬግ ወደብ ላይ ከመርከብ ዓሣ የሚያወርድ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነው። እንደ ተጋቡ ሰሞን ማቪስ ደጋግማ አረገዘች፤ ሁሉም ሳይገፋ ወረዳት። አንዷ ብቻ ገፋች፤ ዘጠኝ ወር ሞላች። በክረምት ምጥ ያዛትና ሆስፒታል ገባች። ስታምጥ፣ ሲያደነዝዟት፣ መብራቱ ሲፈዝባት፣ አንድ የልጅ ለቅሶ የሰማች መሰላት። ቀጭን፣ አጭር ለቅሶ፤ እንደ በር ሲጥ ማለት ያለ። ስትነቃ አዋላጇ አልጋዋ አጠገብ ቆማ ነበር።

«ሞታ ነው የተወለደችው፣ የኔ ልጅ። ሴት ነበረች።»

«አሳዩኝ።»

«አይጠቅምሽም። ሁሉም ነገር ተደርጓል። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጂያለሽ፤ ይሄንን እርሺው።»

ሁሉም ነገር ተደርጓል ማለት ምን ማለት እንደሆነ የነገራት የለም። ያስተኟት ደግሞ ከአራሶች መሀል ነው፤ ግራና ቀኟ ጡት የሚጠባ ሕፃን። ጡቷ ወተት ይዞ ተወጥሮ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በዚያ ሰሞን አንዲት በጎ ፈቃደኛ መጽሐፍ በጋሪ እያዞረች ስታድል ለማቪስም አንድ የፍቅር መጽሐፍ ጣል አደረገችላት። ከዚያ አልጋ ላይ መውጣት ስለማትችል በመጽሐፉ በኩል ወጣች። ጨርሳ ስትከድነው «እኔ ከዚህ የተሻለ አልጽፍም?» አለች ለራሷ።

ጻፈችም። ሌላ ልጅ አልመጣም፤ መጽሐፍ ግን መጣ። ለንደን ያለ አንድ አሳታሚ የመጀመሪያውን ወሰደ፣ ሁለተኛውን ወሰደ፣ ከዚያ በኋላ ሳይጠይቅ ስለሚደርሰው እሱ «አምጪ» ማለቱን፣ እሷም መቁጠሯን ተዉት። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ እሑድ ከምሳ በኋላ፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የጽሕፈት መኪናዋን ስታንኳኳ ሬግ ጎረቤት እንዳይቆጣ ከሥሩ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፎ ያነጥፍላት ነበር። ታሪኮቹ ይለያያሉ፤ አንዴ ነርስ፣ አንዴ የሀብታም ልጅ፣ አንዴ የመርከብ አለቃ። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው። በመጨረሻው ገጽ የሕፃን አልጋ አለ፤ አልጋው ውስጥ ሕፃን ልጅ አለች፤ ሕፃኗም ትተነፍሳለች። አንባቢዎች ያንን ገጽ ይወዱት ነበር። ማቪስና ሬግ ግን ስለዚያች ልጅ አንድ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

እንግዲህ ጋዜጣው ከወጣ በኋላ አንድ ቅዳሜ ማቪስ እንደ ልማዷ መጽሐፍ ልትመልስ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄደች። እዚያ የምትሠራው ሚስ ፐርቪስ ጋዜጣውን ቆርጣ ግድግዳ ላይ ሰክታዋለች።

«እንኳን ደስ ያለዎት፣ ወይዘሮ ታስከር! ለከተማችን ኩራት ሆኑ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ይሄ የጻፉብኝን ቃል ትርጉሙን በወጉ ልወቀው ብዬ ነው። ባልደረቦቼ መቀለጃ አድርገውኛል።»

ሚስ ፐርቪስ ትልቁን መዝገበ ቃላት አውጥታ፣ ገጹን ፈልጋ ገልጣ ሰጠቻትና ሌላ ሰው ልታስተናግድ ሄደች። ማቪስ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳርፋ አነበበች።

«ብዙ ልጅ የምትወልድ፤ ወላድ።» መጀመሪያ የተቀመጠው ይሄ ነው። ለምሳሌ ጥንቸል፣ ለምሳሌ አሳማ። ቀጥሎ ብዙ ፍሬ የሚሰጥ፤ ለምሳሌ የፖም ዛፍ። ከሁሉ በታች በዘይቤ ብዙ ሥራ የሚያወጣ፤ ደራሲ፣ ሠዓሊ፣ ጎል አግቢ። ከዚያ ደግሞ በደቃቅ ፊደል የቃሉ ሥር ተጽፏል። የድሮ ሮማውያን ቃል ነው፤ ከፊሉ «ልጅ»፣ ከፊሉ «መሥራት»።

ወላድ በድባብ ትሂድ ይላል ያገራችን ሰው። ማቪስ ግን ዝናብ እየዘነበ ጃንጥላዋን እዚያው ረስታ ወጣች። አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆማ አንዱ አለፋት፣ ሌላው አለፋት። ከተማው ሁሉ ሲያነበው የሰነበተው እሱን ነው። ወላዷ ወይዘሮ ታስከር። ኦድሪ «ፕሮሊፊክ!» ብላ በጠራቻት ቁጥር «አቤት» ስትል የሰነበተችው ለዚህ ነው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ ጋዜጠኛውም ሊያሞግሳት ነው። ቢሰድቧት መልስ ነበራት፤ ለሙገሳ ግን ምን መልስ ይሰጣል?

ከዚያ በኋላ መጻፍ አቃታት። የመጀመሪያው ገጽ ይመጣል፤ መሀሉም ይመጣል። መጨረሻው ጋ ስትደርስ ግን የሕፃኑ አልጋ ባዶ ይሆንባታል። ልጅቷን በግድ ልታስተኛት ትሞክራለች፤ ልጅቷ አትተነፍስም። ትቀድደዋለች፣ እንደገና ትጽፋለች፣ እንደገና ትሞትባታለች። ዓሣ ቤት ውስጥ ስትቀልድ የነበረችው ሴት ዝምተኛ ሆነች። ሬግ ብርድ ልብሱን ከጽሕፈት መኪናው ሥር አንጥፎ ይጠብቃል፤ ድምፅ የለም።

ወራት አለፉ። በመጨረሻ ከአሳታሚው ቤት ሚስተር ፌንዊክ የሚባል ሰው በባቡር መጣ። ሸበቶ፣ ጨዋ፣ ሲቀመጥ ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ሳብ የሚያደርግ ሰው ነው። ማቪስ ሻይና ኬክ አቀረበች። ሬግ «እኔ ወጥ ቤት ነኝ» ብሎ ገባ።

«አንባቢዎችዎ እየጠየቁን ነው፣ ወይዘሮ ታስከር» አለ ሚስተር ፌንዊክ። «አሞዎት ይሆን ብለን ሰጋን። መቼም ከደራሲዎቻችን መካከል እንደ እርስዎ ፕሮሊፊክ የሆነ...»

«አይበሉት!»

ሰውየው ስኒውን አስቀመጠ። «ምን አጠፋሁ?»

«ያንን ቃል አይበሉብኝ። መዝገበ ቃላት አይቻለሁ። ወላድ ማለት ነው።»

«ኧረ ይተዉ!» አለ ሚስተር ፌንዊክ፣ ቀለል ብሎት። «እሱ እኮ ጥንት የቀረ ነው። ቃል ተወልዶ ባደገበት መንደር አይቀርም፤ ይሰደዳል፤ ሌላ ቦታ ሌላ ኑሮ ይጀምራል። ዛሬ ግብ የሚያዘንበውን ተጫዋች እንለዋለን፤ ልጅ አለው የለውም ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይመኑኝ፣ ይህን ቃል ሲናገር ልጅን የሚያስብ አንድ ሰው በአገሩ አያገኙም።»

«እኔ አለሁ» አለች ማቪስ። «አገሩ ሁሉ ረስቶት ይሆናል። እኔ ግን አሁን አወቅሁት። ያወቁትን እንዴት ነው የሚረሱት? እስቲ ዘዴውን ያስተምሩኝ፤ ሌላ የምረሳውም ነገር አለኝ።»

ሚስተር ፌንዊክ ሻዩን አየው።

«ልጅ ነበረችኝ» አለች።

ይህ ነገር በዚያ ቤት ውስጥ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ የውኃ ቧንቧው ተዘጋ፤ ቀጥሎ የጓሮው በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። ሚስተር ፌንዊክ ተነሥቶ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ስለ መጽሐፉ ደግሞ አላነሣም። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላወቅሁም» ብሎ ባርኔጣውን ይዞ ወጣ።

ማቪስ ጓሮ ወጣች። ሬግ የእርግቦቹ ቤት ጋ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሟል።

«የት ነው ያለችው?»

«ማን?»

«ማን እንደሆነች ታውቃለህ።»

ሬግ አልዞረም።

«ሬግ፣ አልቅሳ ነበር። ሰምቻታለሁ። እነሱ ሞታ ተወለደች አሉኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ጆሮዬን ስጠራጠር ኖርኩ። እውነቱን ንገረኝ፣ አልቅሳለች አላለቀሰችም?»

«አላውቅም፣ ማቪስ። በእናትሽ፣ አላውቅም። ደጅ ነበር ያቆሙኝ። ለእኔ ሲሰጡኝ ጸጥ ብላ ነበር።»

እርግቦቹ ብቻ ያጉረመርማሉ።

«ሲሰጡህ?» አለች ማቪስ። «ሲሰጡህ ማለት ምን ማለት ነው?»

ያን ጊዜ ዞረ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አዋላጇ በፎጣ ጠቅልላ አመጣቻት። ‹ያዛት፣ ቀባሪው አሁን ይመጣል› አለችኝ። ያዝኳት። ሰውየው መጣ፣ ሰጠሁት። በዚያን ቀን ከሞተ ከሌላ ሰው ጋር፣ በአንድ ሣጥን እናሳርፋታለን፣ ብቻዋን አትሆንም አለኝ። ፈረምኩ። ‹ለሚስትህ እንዳትነግራት፣ ታብዳለች፣ ዝም ካልክ ትረሳዋለች› አሉኝ። ሐኪም ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ...» እጁን የእርግቦቹ ቤት ላይ አሳረፈ። «ፀጉር ነበራት። ጥቁር። የእናትሽን ዓይነት።»

«አቅፈሃታል» አለች ማቪስ።

«አዎ።»

«አንተ አቅፈሃታል!» ደረቱን በሁለት እጇ መታችው። እርግቦቹ ተንጫጩ። «እኔ እኮ ፊት የሌላት ልጅ ነው ያለችኝ! ይሄን ሁሉ መጽሐፍ ሙሉ ፊት ስሠራላት ነው የኖርኩት! አፍንጫ ስሰጣት፣ ፀጉር ስሰጣት! ቢጫ ፀጉር ነው የሰጠኋት፣ ሬግ! አጠገቤ ተቀምጠህ፣ እያወቅህ፣ ብርድ ልብስ ታነጥፍልኛለህ?»

እሱ እጁን አላነሣም፤ አልተከላከለም። ደክሟት እስክትተው ድረስ ቆሞ ተመታ።

በማግስቱ ማቪስ ዓሣ ቤት አልሄደችም። አውቶቡስ ተሳፍራ ወደ ክሊቶርፕስ ባሕር ዳር ወረደች። ባሕሩ በየቀኑ እንደሚያደርገው ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር፤ እዚያ ሲሸሽ ሩቅ ነው የሚሸሸው፤ ጭቃና አሸዋ ብቻ እስከ ሰማይ ጠርዝ ተዘርግቶ ይቀራል። ጫማዋን ሳታወልቅ ገባችበት። ወዴት እንደምትሄድ፣ ለምን እንደምትሄድ ብትጠየቅ መልስ አልነበራትም። ከኋላዋ ያለው ሁሉ ስላስጠላት ወደ ፊት ሄደች። ባሕሩ በዚያ አገር ሲመለስ በፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ በጎንና በጎን በየቦዩ ገብቶ ሰውን ከኋላው ይከብበዋል። ይህን የወደብ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ማቪስም ታውቃለች። ውኃው ቁርጭምጭሚቷን ሲነካት ቆመች፤ አልተመለሰችም።

ኦድሪ በምሳ ሰዓት ቤቷ ሄዳ አጣቻት። ጎረቤት ወዴት እንደተሳፈረች ነገራት። ሬግን ከወደብ እየጎተተች ይዛው ስትደርስ ማቪስ ከሩቅ እንደ ቀጭን ምሰሶ ትታያለች፤ በሷና በምድር መካከል ውኃው እየሰፋ ነው። ሬግ ከነቦቲው ገባ።

«ማቪስ! ነይ! ወዲህ ነይ!»

ዞር ስትል ውኃው ወገቡ ደርሷል። «ተመለስ!» ብላ ጮኸች። «አንተ ሰውዬ፣ ዋና አትችልም!»

«አንቺስ ትችያለሽ?»

«አልችልም!»

«ታዲያ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔ እንጃ!» አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ። «እኔ እንጃ፣ ሬግ!»

«እንግዲያው ቁሚ፣ እኔ እመጣለሁ!» አለና ሌላ እርምጃ ወደ ፊት አለ። ደረቱ ደረሰ።

ይህ ሰው እንደሚመጣ አወቀች። አይመለስም፤ እየሰመጠም ቢሆን ይመጣል። ያን ጊዜ እንደ ትናንትናው ያለ ቁጣ ከውስጧ ነደደና ወደሱ መራመድ ጀመረች። ውኃው ቀሚሷን እየጎተታት፣ እየወደቀች፣ እየተነሣች ደረሰች። ክንዱን ያዘችው።

«ጅል» አለችው።

«አዎ» አለ ሬግ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ።

ዳር ላይ ኦድሪ ካፖርቷን አውልቃ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ትራገማለች። «በዚህ ዕድሜያችሁ! ዕድሜ ልካችሁን ዓሣ ዓሣ መሽተታችሁ አልበቃ ብሏችሁ ጭራሽ ልትሆኑት አማራችሁ?» ከዚያ ሦስቱም አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሬግ ቀባሪውን አፈላለገ። ሰውየው ሞቷል፤ ልጁ ግን አባቱ እነዚያን ሕፃናት በየትኛው የመቃብር ወገን ያሳርፍ እንደነበር ያውቅ ነበር። ሁለቱም ተያይዘው ሄዱ። የመቃብሩ ጠባቂ ሽማግሌ ሰው ነበር፤ ቆቡን አውልቆ ከአጥሩ ሥር የተዘረጋ ሣር አሳያቸው። ድንጋይ የለም፤ መስቀል የለም።

«ከዚህ እስከዚያ ጠማማ ዛፍ ድረስ ነው፣ እመቤቴ። የዚያን ክረምት የድሆቹ መቃብር ይሄ ነው።»

«የት ጋ ናት?»

«ዋሽቼ አልነግርዎትም። አይታወቅም።»

«ከማን ጋር ናት? ከሴት ጋር ነው? ከወንድ?»

ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። ማቪስ እግሯን ልታነሣ ብላ ተወችው። የት እንደምትረግጥ ፈራች። መንገዱ ላይ እንደቆመች ሣሩን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ ከዚያ እንደገና አየችው።

መጽሐፍ ከዚያ ወዲያ አልጻፈችም። ሞከረች፤ አልሆነም። አሳታሚው የድሮዎቹን ሽፋን እየቀየረ ያወጣቸው ነበርና ሰዎች መዋሳቸውን አላቆሙም፤ ያቺን ቢጫ ፀጉር ሕፃንም መውደዳቸውን አላቆሙም። እሷ ጣቶቿ በብርድ ቆልመም እስኪሉ ዓሣ ቤት ሠራች። አንዲት አዲስ ልጅ የድሮውን ወሬ ሰምታ «ፕሮሊፊክ» ብላ ብትጠራት ኦድሪ ቢላዋዋን ጠረጴዛው ላይ ተከለችና «ስሟ ማቪስ ነው» አለች። ለሬግም ይቅርታ አደረግሁልህ አላለችውም። አንድ ማዕድ ይበላሉ፤ መኝታዋን ግን ወደ ኋላው ክፍል ወሰደች። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አብረው ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ፤ መንገዱ ላይ ይቆማሉ፤ ይመለሳሉ።

አንድ እሑድ እንዲሁ ቆመው ሳለ ማቪስ ወደ ሣሩ እያየች «ሩት» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ስሟ ነው። ሩት ነው ያልኳት፤ ገና በሆዴ ሳለች።»

ሬግ ፊቱን ወደ ሣሩ መለሰ። «እኔ ጆአን ነው ስላት የኖርኩት» አለ።

«ጆአን? ማን ጆአን በላት አለህ?»

«ፊቷ ነዋ! ሳያት ጆአን ነው የመሰለችኝ።»

«ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ ነኝ!»

«ያየኋት እኔ ነኝ፣ ማቪስ!»

እዚያው መንገድ ላይ፣ በጠራራ ቀን፣ ሰው እያያቸው፣ ከተጋቡ ጀምሮ ተጣልተው የማያውቁትን ጥል ተጣሉ። እሷ ሩት አለች፣ እሱ ጆአን አለ፤ አንዳቸውም አልለቀቁም። ሲመለሱ በአንድ አውቶቡስ፣ በተለያየ ወንበር ተቀመጡ። የሚቀጥለው እሑድ ዝናብ ነበር፤ ቢሆንም ሄዱ። ማቪስ ቀድማ ወደ ሣሩ ዘንበል ብላ እሷ ያወጣችላትን ስም ጠራች። ሬግ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ዝናቡ መላጣው ላይ እየወረደ፣ እስክትጨርስ ጠበቃት። ከዚያ እሱ ደግሞ የሱን ጠራ።